ሰውዬው የሚያስርልኝ ቀበቶ

ሰኞ፤ ለፈተናው ስምንት ሳምንት

ዛሬ ጠዋት አለቃው ስድስታችንንም ጠላቂዎች ዕቃ ክፍል ሰብስቦ አዲሱን ደንብ አነበበልን። ከእንግዲህ የግድቡ ወለል የሚፈተሸው በካሜራ ነው። ካሜራ ደለል አይወድም፤ ደለሉ አንዴ በእግር ከተነካ ውሃው እስከ ማግስቱ አይጠራም፣ የዚያ ቀን ሥራም ገደል ገባ ማለት ነው። ስለዚህ ከወለሉ አንድ ክንድ ከፍ ብሎ፣ ሳይወጣ ሳይወርድ፣ እጁን ሳያወናጭፍ አምስት ደቂቃ ውሃ መሃል ጸጥ ብሎ መቆየት ያልቻለ ሰው ከጠላቂነት ተነስቶ መዝገብ ቤት ይዛወራል። ፈተናው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ድጋሚ የለም።

ወረቀቱን አጥፎ ሲወጣ "አንቺን እንኳ አይመለከትሽም፤ አስራ ሰባት ዓመት!" አለኝ። እኔም አፌን ሞልቼ "ምን ጥያቄ አለው" አልኩት።

ለሰውዬው አልነገርኩትም። ሰውዬው የምለው ባሌን ነው፤ ከተጋባን ጀምሮ እንዲሁ ነው የምጠራው፣ እሱም እሜቴ ይለኛል። አስራ ሰባቱንም ዓመት አብረን ነው የጠለቅነው። ወገቡን ቀዶ ጥገና ካደረገና ሐኪሙ "ውሃ በቃህ" ካለው አስር ወሩ። ከዚያ ወዲህ ስለ ግድቡ ሲነሳ ፊቱ ይጠቁራል፤ እኔም አፌን እይዛለሁ። ይህን ደብተር ያወጣሁት ለዚሁ ነው፤ የሆነ ቦታ መተንፈስ አለብኝ።

ረቡዕ

አዲሷ አሰልጣኝ ከልጄ በሁለት ዓመት ታንሳለች። ገና ከመተዋወቃችን "እማማ፣ ይዘጋጁ" አለችኝ። እማማ! ሃምሳ ሁለት ነው የሞላኝ እንጂ መቶ አይደለም። "እማማ የሚሉኝ የልጅ ልጆቼ ናቸው፤ እነሱም ገና አልተወለዱም" አልኳት። ሳቀችና "እሺ እትዬ" አለች። ይሁን፣ እትዬ ይሻላል።

ከዚያ ወረድን። ወይ ውርደት! ሰውዬው ከቀረ ወዲህ ወለሉ ላይ ተንበርክኬ ነበር የምሠራው፤ ውሃ መሃል ልቆም ስል እንደ ድንጋይ ሰመጥኩ። የአየር ጃኬቴ ውስጥ አየር ጨመርኩ፤ አልተነሳሁም። ጨመርኩ፤ አልተነሳሁም። አሁንም ስጨምር ተነሳሁ፣ ግን መቆሚያ የለም፤ ከፍ ባልኩ ቁጥር ጃኬቱ ውስጥ ያለው አየር ያብጣል፣ ያበጠው ደግሞ ይበልጥ ያወጣኛል። ደንግጬ አየሩን ስለቀው ዱብ። ደለሉ ተነስቶ የገዛ እጄን ማየት አቃተኝ። እንዲህ ሦስት ጊዜ። ልጅቷ ራቅ ብላ፣ እጆቿን ደረቷ ላይ አጣምራ፣ አልጋ ላይ የተኛች ይመስል ውሃው መሃል ተጋድማ ታየኛለች። በጥፊ ባልኳት ደስታዬ ነበር።

ጃኬቱ ነው። አርጅቷል። ቫልቩም ይንቀራፈፋል።

እሑድ፤ ሰባት ሳምንት

ዛሬ እንደ ሁልጊዜው ቀበቶዬን አሰረልኝ።

ድሮም ሥራ ተከፋፍለን ነበር፤ አየር የኔ፣ እርሳስ የሱ። የሁለታችንን ሲሊንደር የምሞላውና የምፈትሸው እኔ ነኝ፤ እርሳስ የሚባለው ከባድ ብረት የሚሰካበትን የሁለታችንን ቀበቶ የሚያዘጋጀው እሱ። ጠላቂ ያለ እርሳስ አይወርድም፤ የላስቲክ ልብሱ ብቻውን እንደ ቡሽ ያንሳፍፈዋል። አንዳችን የሌላችንን ሥራ ነክተን አናውቅም። ሰው ሥራው ውስጥ ሌላ ሲገባበት ደስ አይለውም፤ ደግሞም ባልና ሚስት ነን፣ ማን ማንን ይፈትሻል?

እቤት ከዋለ ወዲህ ይህችን ሥራ አልተዋትም። ዓርብ ዓርብ ቀበቶውን በባለ ጎማ የገበያ ቦርሳዬ እየጎተትኩ አመጣለታለሁ፤ የሠራተኞች መኖሪያ ስለሆነ ያለነው መንገዱ አስር ደቂቃ ነው። እሑድ ከሰዓት የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ጨርቅ ያነጥፍና የእርሳሱን ፍሬዎች አንድ በአንድ ያወጣቸዋል፣ ይወለውላቸዋል፣ መልሶ ቀበቶው ላይ ይሰካቸዋል። አስራ አንድ ፍሬ፣ እያንዳንዱ አንድ ኪሎ። ጠርዙ የተጎረደው ሁልጊዜ መሃል ላይ ነው የሚገባው። "የሌላ ሰው እጅ እንዳይነካው" ይለኛል። እሺ እለዋለሁ። ከውሃው የቀረችው ይህች ብቻ ናትና እንዴት እምቢ እለዋለሁ?

ዛሬ ሲሰካ እጁን ሳይ ትዝ አለኝ። ያ ግራ እጁ አስራ ሰባት ዓመት ከሲሊንደሬ ስር ያለችውን የጀርባ ማሰሪያ ይዞ ነው የኖረው። የኛ ግድብ ውሃ ድፍርስ ነው፤ ጓደኛህን ካልያዝከው ትጠፋፋለህ። አንድ ጊዜ ጨበጥ ሲያደርጋት "ደህና ነሽ?" ነው። ሁለት ጊዜ ከሆነ "እንውጣ"። ሦስት ጊዜ ካደረጋት ምንም ማለት አይደለም፤ ሲቀልድ ነው። ከኋላዬ ስለሆነ ፊቱን አላየውም ነበር፣ ግን ሲስቅ ይታወቀኛል፤ አረፋው ይበዛል።

ማክሰኞ

በጥድፊያ። ከዘጠኝ ሜትር ወደ ላይ ተፈናጥሬ ወጣሁ። ጃኬቱን ነፋሁት፣ ከዚያ መያዝ አልቻልኩም። ደግነቱ ትንፋሼን አልያዝኩም፤ እንዲያ ሲወጡ ትንፋሽ መያዝ ሳንባ ያፈነዳል፣ እሱን ረስቼ ቢሆን ዛሬ ይህን አልጽፍም ነበር። ቀኝ ጆሮዬ ይጮሃል። ሐኪሙ አምስት ቀን ከውሃ ራቂ ብሏል።

አለቃው፦ "አንድ ጊዜ እንዲህ ብትደግሚው ፈተናውንም አትጠብቂ። እኔ ሰው አላስቀብርም።"

ለሰውዬው ብርድ ጆሮዬን መታኝ አልኩት። "ተፈናጥረሽ ወጣሽ እንዴ?" አለኝ። አልወጣሁም አልኩ። ምሳውን ሳይጨርስ ተነሳ።

ቅዳሜ

እረፍት አልወድም። እቤት ስውል ሆዴ ይባባል።

መጀመሪያ ያስጠለቀኝ እሱ ነው። ግድቡ ሲሞላ የድሮው የመኪና መንገድ ውሃ ውስጥ ቀርቷል፤ አስፋልቱ፣ የመሃሉ ነጭ መስመር፣ የትራፊክ ምልክቱ ሳይቀር። አንድ የጠራ ጠዋት እዚያ ይዞኝ ወረደ። መስመሩን ይዘን ስንሄድ፣ ስንሄድ፣ ከጨለማው ውስጥ አንድ ብረት ብቅ አለ፤ "ፍጥነት ቀንስ" ይላል። በሳቅ ብዛት አፌ ውስጥ ውሃ ገባ። እሱ ደግሞ ምልክቱን በጓንቱ ጠረግ ጠረግ አደረገና እንደ ትራፊክ ፖሊስ እጁን ወደ ፊት ዘርግቶ አቆመኝ። ተጋብተን፣ ልጅ አሳድገን፣ ያን ጊዜ ነው ሰውዬውን እንደ አዲስ የወደድኩት። ሌላው ሰው ፍቅሩን መናፈሻ ውስጥ ያያል፤ እኔ አስራ ሁለት ሜትር ውሃ ስር።

ያኔ ውሃ ውስጥ ቀላል ነበርኩ። ሰባት ፍሬ እርሳስ ይበቃኝ ነበር። አርባ ሲሞላኝ ነው ወደ አስራ አንድ ያሳደገብኝ። "እሜቴ፣ ወፈር ብለሻል፤ ስብ ደግሞ ይንሳፈፋል፣ እርሳሱን መጨመር ግድ ነው" አለኝ። ስብ መንሳፈፉ እውነት ነው። ግን ቃሉ ከነከነኝ፤ ዓመት ሙሉ እራቴን ተውኩ። አንድ ፍሬ እንኳ አልቀነሰልኝም።

ያ ሁሉ አለፈ። መንገዱን አሁን ደለል አልብሶታል ይላሉ።

ሰኞ፤ ስድስት ሳምንት

ተመለስኩ። ልጅቷ ዛሬ ጥልቅ ውሃ አልወሰደችኝም፤ ዳር ላይ አምስት ሜትር ብቻ። "እትዬ፣ ዋናው ጃኬት ሳንባዎ ነው" ትላለች። በጃኬቱ አየር በግምት ይስተካከሉ፣ የቀረውን ለሳንባ ይተዉለት። በረጅሙ ሲስቡ ቀስ ብለው ይነሳሉ፤ ሲያስወጡ ቀስ ብለው ይወርዳሉ። "ግን ወዲያው አይደለም። ትንፋሹን ከሳቡ በኋላ ሁለት ሦስት ሰከንድ ይዘገያል። ሰው የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነው፤ አልሠራም ብሎ ሌላ ይጨምራል።" የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ነው ነገሩ።

ሞከርኩ። ቁልቁል ብቻ ነው የሚያውቀው የኔ ሳንባ።

"ድሮ ማን ነበር የሚይዝዎት?" አለችኝ ስንወጣ።

"ማንም አልያዘኝም! በጀርባ ማሰሪያዬ ተያይዘን ነበር የምንሠራው፣ እንዳንጠፋፋ" አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። ያ መነቅነቋ አላማረኝም።

ከመሰላሉ ስወጣ ጉልበቴ ደግሞ ቀጭ ቀጭ አለ። እሱም እንግዲህ የዕድሜ ነው።

ረቡዕ

ዕቃ ክፍል በር ላይ ሰማሁ። አለቃው ለአንዱ፦ "ሁለቱ ተያይዘው ሲወርዱ ብታያቸው ኖሮ! አንድ ሰው ነበር የሚመስሉት፣ ዝንፍ አይሉም። ለብቻዋ ስትሆን እንዲህ ትሆናለች ብዬ አላሰብኩም።"

ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል ይላሉ። አንደኛው ሲደርቅስ ሌላው ምን ይሆናል? እሱን የነገረን የለም።

እንግዲህ አጉል ኩራት ነው የነበረኝ ማለት ነው። ሰውዬው ነበር ጎበዙ፤ እኔ በሱ እጅ ተንጠልጥዬ ነው የኖርኩት።

ማክሰኞ፤ አምስት ሳምንት

"እርሳስዎን እንመልከተው" አለችኝ ልጅቷ። ለሦስተኛ ጊዜ ነው የጠየቀችኝ። ሁለቴ ጆሮ ዳባ ልበስ ብያታለሁ። ዛሬ ግን "እትዬ፣ ካልሆነ ልረዳዎት አልችልም፤ ለአለቃው ይህንኑ እነግረዋለሁ" አለች። ኮስተር ስትል ልጄን ትመስላለች።

ነገሩ ቀላል ነው። ውሃው ላይ ቀጥ ብለህ ትቆማለህ፣ ጃኬቱን ባዶ ታደርጋለህ፣ መደበኛ ትንፋሽ ስበህ ትይዛለህ። ልክህ ከሆነ ውሃው ዓይንህ ላይ ይደርስና እዚያው ይቆማል፤ ትንፋሹን ስታስወጣ ትወርዳለህ። እኔ ትንፋሼን እንደያዝኩ ጠፋሁ። ተስቤ ነው የወጣሁት።

አንድ ፍሬ አወጣች። ጠፋሁ። ሁለተኛ። ጠፋሁ። ሦስተኛ። ግንባሬ ብቻ ቀረ። አራተኛውን ስታወጣ ውሃው ልክ ዓይኔ ላይ ቆመ፤ ግማሽ ሰማይ ግማሽ ውሃ አየሁ።

"ሰባት" አለች። "አስራ አንድ ማን አሰረልዎት?"

"እኔ ነኝ" አልኳት። ውሸት አፌ ላይ እንዲህ ቅርብ መሆኑን አላውቅም ነበር።

ከዚያ በሰባት ወረድን። አርባ ሰከንድ ቆምኩ። አርባ ሰከንድ! ጃኬቱን አንዲት ጠብታ አየር ብቻ ሰጥቼው፣ የቀረውን ትንፋሼ ይዞኝ። ደስ ሊለኝ ሲገባ እንደ ሌባ ቆጠርኩት ራሴን።

ለካ ጃኬቱ ምንም አልሆነም ነበር። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ።

ዓርብ

አራቱን ፍሬ በአዘቦት ቀን ዕቃ ክፍል ባለው ቁም ሳጥኔ ውስጥ እደብቃቸዋለሁ። ዛሬ ወደ ቤት ከመሄዴ በፊት መልሼ ሰካኋቸው። የሃምሳ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰው ሆኜ፣ ባሌን ፈርቼ እርሳስ እደብቃለሁ። አይ እቴ!

መፍራት እንኳ አይደለም። ተሳስተሃል ብለው ምን ይቀረዋል?

እሑድ፤ አራት ሳምንት

የተጎረደውን ፍሬ መሃል ማስገባት ረስቼ ዳር አድርጌው ኖሯል። ሰውዬው ቀበቶውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ቆይቶ ቆይቶ አየው። ቀና ብሎ እኔንም አየኝ። "ውሃው እንዴት ነው?" አለኝ። "ቀዝቅዟል" አልኩት። "ይቀዘቅዛል እንግዲህ" አለና መሰካቱን ቀጠለ።

አላስተዋለም መሰለኝ። ዓይኑም ደክሟል።

እሑድ፤ ሦስት ሳምንት

ሰውዬውን ምን እንደነካው እንጃ። ዛሬ አሰካኩን ለወጠው። ሰባቱን አጠጋግቶ አጠበቃቸው፤ አራቱን ግን ለብቻ፣ መቆለፊያው ጋ፣ ላላ አድርጎ አስገባቸው። ሳብ ቢያደርጓቸው ሸርተት ብለው ይወጣሉ። እንዲህ ሲያስር አይቼው አላውቅም። "ምነው ላላ?" ስለው "ለወገብሽ እንዲመች ነው" አለኝ።

ለኔማ ተመቸኝ። ማውጣቱ ድሮ ሩብ ሰዓት ይፈጅብኝ ነበር።

ማክሰኞ

ዛሬ ያየሁትን እንዴት ብዬ እንደምጽፈው አላውቅም።

በሰውዬው ቦታ አዲስ ጠላቂ ተቀጥሯል፤ ዝምተኛ ጎልማሳ ነው፣ ፈተናውን ካለፍኩ ከኔ ጋር ነው የሚጣመረው። ቀበቶ ስላልነበረው አለቃው የሰውዬውን ከመስቀያው አውርዶ ሰጠው። ከቀዶ ጥገናው በፊት ያለው የመጨረሻ ቀን እንደሰቀለው ነው፤ የነካው ሰው የለም። ዝምተኛው በአንድ እጁ አነሳውና "ይሄ የማን ነው? የልጅ ነው እንዴ?" አለ።

ልጅቷ ቆጠረች። አምስት ፍሬ።

"ባለቤትዎ ምን ያህል ነበሩ፣ ክብደታቸው?"

"ዘጠና ኪሎ" አልኩ።

"ዘጠና ኪሎ ሰው በዚህ ውፍረት ልብስ ዘጠኝ ፍሬ ያስፈልገዋል። በአምስት አይወርድም እትዬ። የሚጎትተው ሰው ከሌለ በቀር" አለች። ከዚያ ራሷም የተናገረችው ነገር ገባት መሰለኝ፣ ፊቷን ወደ ሲሊንደሮቹ አዞረች።

ከዘጠኝ አምስት ሲነሳ አራት። ከአስራ አንድ ሰባት ሲነሳ አራት።

ስህተት ነው። የሆነ ሰው ከሰውዬው ቀበቶ ላይ ፍሬ አውጥቶ ይሆናል። የዕቃ ክፍሉ በር ክፍት ሆኖ ነው የሚውለው።

ሐሙስ

ልጄ ደወለች። ወሬ አስመስዬ "የአባትሽ ወገብ መቼ ነበር የጀመረው፣ ታስታውሻለሽ?" አልኳት።

"ኧረ እማዬ፣ ድሮ ነው እንጂ! ዩኒቨርሲቲ ከመግባቴ በፊት ጠዋት ጠዋት ጫማውን እኔ አልነበርኩ የማስርለት? ጎንበስ ማለት አቅቶት። ለእናትሽ እንዳትነግሪ ብሎ አስምሎኝ ነበር። ይኸው ነገርኩሽ፤ አሁን ምን ያረጋል።"

ልጄ ዩኒቨርሲቲ የገባችው እኔ አርባ በሞላኝ ዓመት ነው።

ጠዋት ጠዋት እኔ ሲሊንደር ልሞላ ቀድሜ እወጣ ነበር። ቤቴ ውስጥ፣ አልጋዬ ላይ ያለ ሰው ጎንበስ ማለት ሲያቅተው ሳላይ አስራ ሁለት ዓመት። እንዲያውም "ሰነፍ ሆንክ" እለው ነበር።

እሑድ፤ ሁለት ሳምንት

አላናግረውም። ቀበቶውን ጠረጴዛው ላይ ጣል አድርጌለት ወጣሁ።

ተናድጃለሁ! ይኸው በግልጽ ጻፍኩት። ወፍረሻል አለኝ! ዓመት ሙሉ በባዶ ሆዴ አስተኛኝ! ጉልበቴ በየመሰላሉ ቀጭ ቀጭ ሲል "የዕድሜ ነው" እያልኩ ቅባት ስቀባ፣ ቅባቱን የሚያቀብለኝ እሱ ነበር። የሱን እርሳስ ወገቤ ላይ አስሮ፣ ከኋላዬ ይዞኝ፣ እኔ ወደ ታች ስጎትተው እሱ ወደ ላይ ሲጎትተኝ፣ ሰው ሁሉ "እንዴት ያምራሉ" ይላል። አንድ ቀን ማሰሪያዋ ብትበጠስ ኖሮ እኔ ወለሉ ላይ፣ እሱ ሰማይ። ይህን እያወቀ!

እኔ ደግሞ ራሴን ሳንቋሽሽ ከረምኩ። በሱ እጅ ነው የኖርኩት ብዬ።

ማታ ሻይ አፍልቶ አመጣልኝ። ስኒውን ሲያስቀምጥ ወገቡን ይዞ ነው ቀና ያለው። አንጀቴን በላው፤ ይሄ ደግሞ ይብሱን አናደደኝ።

ረቡዕ

ሥራ፣ ሥራ፤ ፈተናው አምስት ቀን ቀረው። ሁለት ደቂቃ ከሃምሳ። እግሬ ወደ ታች ስለሚዘቀዝቅ ልጅቷ ከሰባቱ ፍሬ ሁለቱን ወደ ሲሊንደሩ አንገት አወጣቻቸው፤ አሁን እንደ ጠረጴዛ ተጋድሜ ነው የምቆመው። እግር አመታቴንም አስለወጠችኝ፤ ወደ ላይና ወደ ታች ሳይሆን እንደ እንቁራሪት ወደ ጎን፣ ውሃው ወደ ኋላ እንጂ ወደ ደለሉ እንዳይገፋ። እጄን ደረቴ ላይ አጣምሬ። እጅ ነው ክፉው፤ ሰው ሲፈራ በእጁ ይዋኛል።

"እትዬ፣ ዓይንዎን አንድ ጠጠር ላይ ይትከሉ፤ ሲወጡ ሲወርዱ የሚነግርዎት እሱ ነው።"

ይህችን ልጅ ወድጃታለሁ። አልነገርኳትም፤ ትኩራራብኛለች።

ዓርብ

አራት ደቂቃ ከአስር። ከዚያ ሐሳብ መጣና ተነሳሁ። ሐሳብ ሲመጣ ትንፋሽ ይረዝማል፤ ትንፋሽ ሲረዝም ሰው ይነሳል። ሐሳቡ ምን እንደሆነ ይታወቃል፤ ከኋላዬ ጨበጥ የሚያደርግ እጅ እየጠበቅኩ ነው።

አራቱን ፍሬ ዛሬ መልሼ አልሰካሁም። በቦርሳው ኪስ ለብቻ ይዣቸው መጣሁ። ያየው።

እሑድ፤ ዋዜማ

ቀበቶውን ዘረጋው። ሰባት ፍሬ ብቻ መሆኑን አየ፤ አልደነገጠም። እኔ መታጠቢያው ጋ ቆሜ ሳህን አጥባለሁ፣ ሳህኑ ንጹሕ ነው። ሰባቱን አንድ በአንድ ወለወላቸው። የተጎረደውን መሃል አስገባው። ሁለቱን ለሲሊንደሩ አንገት ለብቻ አስቀመጠ፤ ያን ማንም አልነገረውም። ውሃ ያውቃል ሰውዬው።

ከዚያ ከቦርሳው ኪስ አራቱን አወጣና ጠረጴዛው ላይ ወደ ራሱ ሳባቸው።

"እነዚህ የኔ ናቸው" አለ።

ዞር ብዬ አላየሁትም። "አውቃለሁ" ብቻ አልኩ። ተነስቶ ወደ መኝታ ቤት ገባ።

ሰኞ፤ የፈተናው ቀን

አለፍኩ!

በቅጡ ልጻፈው።

ስድስት ሜትር ነበር። ካሜራው ወለሉ ላይ ተተክሏል፣ አለቃው ላይ ሆኖ በስክሪን ያያል። ከኔ በፊት አንዱ ወድቋል፤ ፊቱን ማየት አልቻልኩም። ወረድኩ። ሁለት ጊዜ አጫጭር አየር ለጃኬቱ። ቆምኩ። አንዲት ነጭ ጠጠር መረጥኩ። አንደኛው ደቂቃ ከፍርሃት ጋር አለፈ፣ ሁለተኛው ከቁጥር ጋር፣ በሦስተኛው ጸጥ አልኩ። ትንፋሽ ሲገባ ጠጠሯ ትንሽ ትርቃለች፣ ሲወጣ ትቀርባለች። ደለሉ ጭራሽ አልነቃም። እንዲህ ቀላል ነገር ነው ለካ! አስራ ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ መሆን እችል ነበር።

አራተኛው ላይ ያው ሐሳብ መጣ። እጁን ፈለግኩት። ናፈቀኝ፤ አሁን ልሸሽገው አልፈልግም፣ ያ የሚጎትት፣ የሚቀልድ፣ የሚዋሽ እጅ ናፈቀኝ። ትንፋሼ ሊረዝም ሲል ጠጠሯ ስትርቅ አየሁና ቀስ ብዬ አስወጣሁት። ቀስ ብዬ ወረድኩ። አላባረርኩትም፣ ሐሳቡን፤ አብሮኝ ቆየ። አምስተኛው ደቂቃ አለቀ።

ስወጣ ሰውዬው ዳር ላይ ነበር። በዓመቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ግድቡ መጥቶ፣ ምርኩዙን ይዞ፣ አለቃው ወንበር ሰጥቶት አልቀመጥም ብሎ። መሰላሉን ወጣሁ፤ ጉልበቴ ቀጭ አላለም። ቀበቶዬን ሊቀበለኝ እጁን ዘረጋ።

"ተው፣ ወገብህ!" አልኩት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። እጁን መለሰ። ከዚያ ሳቀ፤ እኔም ሳቅኩ፣ ያለቀስኩት ግን እኔ ብቻ አልነበርኩም።

ማታ

ወጥ ቤት ተቀምጠን ነው የተናገረው። ጠረጴዛውን እያየ።

"ወገቤ መያዙን ካወቁ ያወጡኝ ነበር። ካወጡኝ ደግሞ አንቺን ከሌላ ሰው ጋር ያጣምሩሻል። ለአንድ ወር ነው ብዬ ጀመርኩት፣ ወገቤ እስኪሻለኝ። አልተሻለኝም። ከዚያ እንዴት ብዬ ልንገርሽ? ጆሮሽ የታመመ ቀን ልነግርሽ ነበር። አፌ ድረስ መጥቶ ተመለሰ።"

"ወፍረሻል ያልከኝስ?"

"እሱን ይቅር በይኝ።"

"እሱን ገና አስብበታለሁ" አልኩት። ፈገግ አለ። ቆየሁና ያን ሁለት ሳምንት ሙሉ ሆዴ ውስጥ የነበረውን አወጣሁት፤ "ብትነግረኝ እኮ እሸከምልህ ነበር። አራቱን አይደለም፣ ዘጠኙንም። እያወቅኩ እሸከምልህ ነበር።"

ሰውዬው ምርኩዙን ከአንዱ ጉልበቱ ወደ ሌላው አዛወረ።

"እሱን ስለማውቅ ነው እኮ ያልነገርኩሽ" አለኝ።